ያላረፍክባት መስክ

ውዴ ይኸነው፣

ከተለየኸን ሁለት ዓመት ከሦስት ወር ሆነ። ፍኖተ ሰላም ያለችው ቤታችን እንዳለች ናት። እናትህ የጅጋውን ቤታቸውን ዘግተው ከእኛ ጋር ይኖራሉ። ልጅህ ማኅሌት ማንበብ ጀምራለች፤ በመንገድ ያየችውን የሱቅ ስም ሁሉ ጮክ ብላ ሳታነብ አታልፍም። እኔ ግን ከቀብርህ ጀምሮ ሰው ማመን አቅቶኝ ነበር። ዛሬ የምጽፍልህ ስለዚያ ነው።

የአደጋው ሪፖርት ሲደርሰኝ ሁለት ገጽ ብቻ ነበር። ሄሊኮፕተሩ እንከን አልነበረውም፣ አብራሪው ጉም ውስጥ ገብቶ ከተራራ ጋር ተጋጨ ይላል። አላመንኩም። ሙት አይከራከርም፣ ጥፋቱን ባንተ ላይ ጥለው ተገላገሉ አልኩ። መካኒኩን ጠረጠርኩ። ለቅሶ መጥቶ ዓይኔን ማየት ያቃተውን ባልደረባህን ጠረጠርኩ። ቀጣሪህን ድርጅት ደግሞ ከሁሉም አብልጬ።

ባለፈው ኅዳር የድሮ አስተማሪህ ካፒቴን መስፍን ቤታችን ድረስ መጡ። ያለፉ አደጋዎችን እያነሱ ወጣት አብራሪዎችን ያስተምራሉ። ባንተም አደጋ ሊያስተምሩ አስበው፣ ከበረራ በኋላ የምትጽፍባትን ደብተር ፈልገው ነበር።

"ልጄን የጥፋተኛ ልጅ ልታሰኙብኝ ነው?" አልኳቸው። ደብተሯ ሳጥኔ ውስጥ እያለች የለችም ብዬ ሸኘኋቸው። እናትህ በሩን እያዩ፣ "ልጄ፣ የሚደበቅ ነገር ከሌለ ምን ያስፈራሻል?" አሉኝ። እሳቸውንም ተቆጣሁ።

በሳምንቱ እውነቱን ራሴ ላገኝ ወደ ፈረስ ቤት ከተማ ሄድኩ። ከወደቅክበት ተራራ ሥር አያ ምናለ የሚባሉ ገበሬ ገብስ ሲያጭዱ አገኘኋቸው። ማን መሆኔን ስነግራቸው ማጭዳቸውን መሬት ላይ አኖሩ።

"ጉሙ ወርዶ ነበር" አሉኝ። "ያች ሄሊኮፕተር እዚች መስክ ላይ ዝቅ ብላ አየር ላይ ቆመች። ልታርፍ ነው ብለን ከብቶቹን ዘወር አደረግን። ቆየት ብላ መልሳ ተነሳችና ወደ ጉሙ ገባች።"

ከእኔ በፊት ይህን የጠየቃቸው ሰው እንዳለ ጠየቅኳቸው። ማንም አልመጣም አሉ።

ማረፍ ትችል ነበር! የጫንካቸውን ሰዎች ፈረስ ቤት አውርደህ ብቻህን ወደ መነሻህ ወደ ቡሬ ስትመለስ ነበር፤ ታዲያ ማን አቻኮለህ? ቤት ገብቼ ደብተሯን ከፈትኩ። ከአደጋው አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ አዴት አካባቢ፣ እንዲሁ ጉም ገጥሞህ ነበር። "ማረፍ ነበረብኝ። ሰው እየጠበቀኝ ቀረ መባልን አፈርኩ። በእግዚአብሔር ቸርነት አለፈ" ብለህ ጽፈሃል። ያን ጊዜ ለእኔ እንደ ቀልድ ነበር ያወራህልኝ፤ እኔም ስቄ ነበር።

"ሰው እየጠበቀኝ" የሚለው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። አደጋው የደረሰ ዕለት ጠዋት የደወልኩልህ እኔ ነኝ። የእህትህ ልጅ ክርስትና ነበር። "ዛሬም ከቀረህ ጭራሽ እንዳትመጣ" ብዬ ስልኩን ጆሮህ ላይ ዘጋሁት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ አገሩን ሁሉ ስጠረጥር፣ የዘለልኩት ራሴን ብቻ ነበር።

ደብተሯን ወስጄ ለካፒቴኑ አስረከብኩ፤ የአያ ምናለንም ቃል ነገርኳቸው። ከዚያም የሚያስተምሩበት ክፍል ገብቼ፣ የስልኩን ነገር ጭምር፣ በገዛ አፌ ለተማሪዎቹ ተናገርኩ። አንዲት ወጣት አብራሪ እጇን አውጥታ፣ "መስኩ ላይ አርፎ ክርስትናው ቢያመልጠው ኖሮ ይቆጡት ነበር?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። "ሳምንት ሙሉ አላናግረውም ነበር።"

ማንም አልሳቀም። ልጅቷ አቀርቅራ ጻፈችው።

ይኸነው፣ ጥርጣሬዬ ሁሉ ሞተ ብዬ አልዋሽህም። ሪፖርቱን የጻፉት ሰዎች አያ ምናለን ለምን እንዳልጠየቋቸው ዛሬም ይከነክነኛል፤ መጠየቄንም አልተውም። ላንተ ግን አንድ ቃል ልግባ። ለማኅሌት እንከን የሌለው አባት ፈጥሬ አልነግራትም። ደፋርም፣ ደግም፣ እምቢ ማለት የሚያፍርም ሰው እንደነበርክ፣ እናቷም በዚያ ጠዋት ምን እንዳለችህ፣ ስታድግ ሳልደብቅ እነግራታለሁ። አሳምሬ ሳይሆን እንደነበርክ ነው የማስታውስህ።

ባለቤትህ ጥሩወርቅ