እስከ ግማሽ የታየው

የኔ እናት፣ እንዴት ሰነበትሽልኝ? የረገጥሽው ይለምልም፣ ክፉ ዓይን አይይሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ብርድ ካልሆነ አያስቸግረኝም። የኩሽናው ጣሪያ ማፍሰሱን ትቷል። ወንድምሽም ሚስቱን ሰምቶ ጢሙን ተላጨና አሁን ሰው መሰለ።

አባትሽ ፕሮግራም እንዲቀርጽለት የቴሌቪዥን መቅረጫው ላይ የሰካው ዲስክ ነበር አይደል? የድርጅቱ ሰዎች ከመጪው ወር ጀምሮ ከውጭ ለሚሰካ ዲስክ በየወሩ ተጨማሪ ክፈሉ አሉን፤ ካልተከፈለ አይከፈትም። እኔም ተናድጄ ላስነቅለው ሠራተኛ ጠራሁ። ሪሞቱን አባትሽ ካረፈ ወዲህ ከመነጽሩ ጋር ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፌበት ነበር፤ አውጥቼ ሰጠሁት።

ሠራተኛው ሲከፍተው አባትሽ የሚወደው የአራዊት ፕሮግራም፣ ከቀብሩ በኋላ የተላለፈው ሁሉ ተቀርጿል። «ይሄስ ምንም አይደል፤ አንዴ ከታዘዘ ራሱ ይቀርጻል» አለኝ። ከዚያ ዝርዝሩን ጠጋ ብሎ አየው።

«እማማ፣ ሁሉም እስከ ግማሽ ታይተዋል። ማነው እያየ የሚተወው?»

አባትሽ ሁሌ ከምሳ በኋላ ከፍቶት ግማሹ ላይ እንደሚያንቀላፋ፣ ሲነቃም «አንበሳዋ ያዘቻት እንዴ?» እያለ እንደሚያደርቀኝ ታውቂያለሽ። ለሠራተኛው ግን «እኔ ነኝ» አልኩት። ክፍያውንም ከፈልኩ።

እኔ አልፈራሁም፤ አንቺም እንዳትሰጊ። አባትሽ ወንበር ላይ ልብስ መቆለል ብቻ ትቻለሁ።

ፈጣሪ ባለሽበት ይጠብቅሽ፣ እጅሽ የነካው ይባረክ። አንድ ነገር ብቻ ላስቸግርሽ፤ ከምሳ በኋላ አትደውዪልኝ። ስልኩ ሲጮህ ይነቃብኛል።

እናትሽ