ሐኪሙ ከተቀበረ በኋላ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ አብዱልወሃብ፣

‹‹እንግሊዞች ለመሞት እንኳን ሰልፍ ይይዛሉ።›› ይህን የሰማሁት ዴንቨር ኤርፖርት፣ ታክሲዎች ተራ የሚጠብቁበት ቦታ ላይ፣ መሓሪ የሚባል ባልደረባዬ በስልክ ሲናገር ነው። መሓሪ አስመራ በአማርኛ የተማረ፣ ‹ደኅና ዋልክ› ሲል እንኳን ዜና የሚያነብ የሚመስል ሽማግሌ ስለሆነ አመንኩት። ጥናቱን ማን እንዳካሄደውም ጠየቅኩት።

ሰላምታ ሳላቀርብ ወሬ ጀመርኩ፤ ይቅር ይበሉኝ። አሰላሙ አለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ያ ክረምት ከበጋ የማይለቅዎ ሳልስ? ጾሙንና ዒዱን እንዴት አሳለፉት? የእትዬ ዛኪያ ስኳር ወረደላቸው? እኛ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነን። የእኔ ወገብ ብቻ ከታክሲዋ ወንበር ጋር መስማማት አቅቶታል፤ ሁለቱም አርጅተዋል።

የመሓሪ ጥናት አንድ ዲስክ ሆኖ ተገኘ። ሃቫና መንገድ ላይ ካለ ቪዲዮ ቤት የገዛው፣ የድሮ የእንግሊዞች አስፈሪ ፊልም ነው። አምስት ወራሾች ኑዛዜ ሊሰሙ ጠበቃ ቢሮ ተቀምጠው፣ ተራ በተራ የየራሳቸውን አሟሟት ያያሉ። ከአምስቱ አንዱ ሐኪም ነው፤ በሁለተኛው ታሪክ ቦርሳውን ይዞ ሊያክም ይገባል፣ በአራተኛው እሱ ራሱ ይቀበራል። ወንድም ጋሼ፣ የእኛው ፊልም እኮ ነው! በስልሳ አምስት ዓመተ ምሕረት ሲኒማ ቤታችን ውስጥ እርስዎ በማሽኑ ያጫወቱት፣ እኔ የፕሮግራም ወረቀቱን በአማርኛ የጻፍኩለት። መሓሪን ለምኜ ተዋስኩት።

ዲስኩ ላይ ፊልሙ እንዴት እንደተሠራ የሚተርክ ክፍል አለ። ያ ፀጉራችንን ያቆመው የመቃብር ጉም የዘይት ጭስ ነበር። ተዋናዮቹን ሳል ሲይዛቸው ዳይሬክተሩ ሳሉን እንዳለ ተወው፤ ጋዜጦቹም ‹‹የበሽታን መንፈስ በረቀቀ መንገድ ያሳየ›› ብለው አሞገሱት። የሬሳ ሣጥኑ በምሳ ሰዓት የሠራተኞቹ ጠረጴዛ ነበር። ታላቁ ተዋናይ የተቀጠረው ለአራት ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ከዚያ በኋላ ከጀርባው የምናየው ሰው የስቱዲዮው አናጢ ነው። እኔ በፕሮግራም ወረቀቱ ላይ ‹‹የዚህ ተዋናይ ጀርባው እንኳን ይናገራል›› ብዬ ነበር። ቃሌን አላጥፍም፤ አናጢው ድንቅ ነበር። በጭስና በጣውላ ያን ያህል ማስፈራት ቀላል ሙያ አይደለም። ልጄ ሚስራ አጠገቤ ተቀምጣ ‹‹ባባ፣ ሶ ፌክ!›› ስትለኝ ቆየች፣ ውሸትነቱ ያስታውቃል ማለቷ ነው፤ ጉሙ ሲመጣ ግን እግሮቿን ሶፋው ላይ ሰበሰበች።

አሁን ዋናውን ልንገርዎ። ዳይሬክተሩ ሰማንያን ያለፈ ሰው ነው፤ ሻይ ይዞ ይናገራል። ‹‹እኔ የፈለግኩት ሐኪሙ መጀመሪያ እንዲቀበር፣ ከዚያ ምንም እንዳልሆነ ቦርሳውን ይዞ ገብቶ ‘የታመመው ማነው?’ እንዲል ነበር። ሰው የሚፈራው ያኔ ነው። ባለገንዘቦቹ ተመልካች ግራ ይጋባል ብለው ሁለተኛውንና አራተኛውን ታሪክ አቀያየሩብኝ፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል›› አለ። እኔ ሶስት ጊዜ መልሼ ሰማሁት።

ያን ምሽት እርስዎ ያሳዩት ልክ ይህንኑ ነበር። ሐኪሙ ተቀብሮ በር ከፍቶ ሲገባ አዳራሹ እንዴት እንደጮኸ ያስታውሳሉ? አንድ ሰውዬ አንድ ጫማውን ጥሎ ወጣ። ፊልሙን ሎንዶን ያየ አንድ አስተማሪ ግን ‹‹ተገልብጦ ነው የታየው›› ብሎ ለሥራ አስኪያጁ ለአቶ ብዙነህ ነገራቸው። እርስዎ ‹‹እንደ ቁጥሩ ነው ያጫወትኩት›› አሉ። አቶ ብዙነህ በማግስቱ ጠዋት አምስቱን ታሪኮች የያዙትን የፊልም ጣሳዎች ሰው ፊት ሲያዩ ቁጥሮቹ ከአንድ እስከ አምስት ልክ ነበሩ። እርስዎም የማሽን ክፍሉን ቁልፍ አስረከቡ፤ እስከ ጡረታዎ ድረስም በር ላይ ቆመው ቲኬት ቀደዱ። ከእኛ ሰፈር እስከ መርካቶ ‹‹ሙት አስነሺው›› ሲሉዎት አንድ ቀን ተቆጥተው አላየሁም። እንዲህ ዓይነት ሰው ከእርስዎ በኋላ አላጋጠመኝም።

የልጅ ልጅዎ ሩዋይዳ ስትጽፍልኝ፣ ሲኒማ ቤቱ ለአርባኛ ዓመቱ የድሮ ሠራተኞችን ለመጪው ጥር እንደጠራና እርስዎ ‹‹ፊልም የገለበጥኩ ሰው ምን ልሠራ እሄዳለሁ?›› ብለው አልሄድም እንዳሉ ነገረችኝ። እንዳይቀሩ እለምንዎታለሁ። መሓሪ ዲስኩን ‹‹ውሰድለት፤ የዚያ ሰው ንብረት ነው›› ብሎ ሰጥቶኛል፤ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። ሩዋይዳ እንግሊዝኛውን ትተርጉምልዎት። ከዚያ ደኅናውን ኮትዎን ለብሰው ይሂዱ፤ የፊልሙ ባለቤት ሎንዶን ላይ የተከለከለውን አዲስ አበባ ላይ ያሳየው አንድ ሰው እርስዎ እንደሆኑ ሰዎቹ ይወቁት።

እትዬ ዛኪያን እጃቸውን ስሜያለሁ፤ መድኃኒታቸውን እንዳይዘሉ። ሩዋይዳን ጉንጯን ሳሙልኝ፤ የእጅ ጽሕፈቷ ከእኔ በልጧል። ሚስራ ‹‹ሰላም በልልኝ›› ብላለች፤ በአማርኛ ነው ያለችው፣ ይመዝገብላት። ለአቶ ብዙነህም ግብዣው ላይ ሲያገኙዋቸው ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሁለተኛውንና አራተኛውን ቁጥር አቀያይሬ ጣሳዎቹ ላይ የለጠፍኩት፣ ጠዋት እሳቸው ሳይገቡም ልጬ ያስተካከልኩት እኔ ነኝ።

ታናሽ ወንድምዎ አኒስ
ኦሮራ፣ ኮሎራዶ
ጥቅምት ፳፪ ቀን ፲፱፻፺፱ ዓ.ም.