ጃማይካ ልሂድ ወይስ ልቅር

ውድ ባለቤቴ፣ የኔ ታድዬ፤

ደብዳቤ ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል። አንተን ግን ጤናህን አልጠይቅህም፤ ከዚያ ጣጣ ተገላግለሃል። የኔን ከጠየቅህ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለሁ። ደክሞኛል እንጂ አለሁ። ከተለየኸን ሁለት ዓመት አለፈ። ሁለተኛ ዓመትህን ራሄልና እኔ ብቻችንን አሰብንህ። ልጅህ ከሳን ሆዜ አበባ ይዛ መጣች፣ መቃብርህ ላይ አኖርንልህ፣ ነፋሱ ስለበረታ ብዙም አልቆየንም። እንዳትቀየመን።

ዛሬ የምጽፍልህ ያስጨነቀኝ ነገር ስላለ ነው። ስማና ሳቅብኝ፤ ልጅህ ለዕረፍት ጃማይካ እንሂድ ብላኛለች። አዎ፣ ጃማይካ። እኔ ዘነበች፣ ዋና የማልችለው፣ ፀሐይ ሲነካኝ ራሴን የሚፈልጠኝ፣ ከሳንታ ክሩዝ አልፌ ባሕር አይቼ የማላውቀው። ለነገሩ ሳንታ ክሩዝስ ምን አየን? አንተ በሙሉ ልብስና በካልሲ አሸዋው ላይ ተቀምጠህ፣ ሰው ሁሉ እኛን ሲያይ ነው የዋለው።

መጀመሪያ ግን የቤቱን ወሬ ልንገርህ። እዚያው ኦክላንድ፣ ፍሩትቬል ሰፈራችን ነኝ። አከራያችን ቤቱን ከውጭ ቀባው፤ የበሰለ ፓፓያ አስመሰለው፤ ከሥራ ስመጣ የሰው ቤት እየመሰለኝ አልፌው እሄዳለሁ። መኪና መንዳትም ተማርኩ። አንተ ስታስተምረኝ ፍሬኑን ባለ በሌለ ኃይሌ እየረገጥኩ ግንባርህን ከመስታወት ሳጋጭህ፣ "ካሁን በኋላ በአውቶቡስ ሂጂ፣ ቤተሰብ አትፍጂ" ያልከኝ ትዝ ይልሃል? አሁን ከአሮጌዋ ቶዮታህ ጋር ተስማምተናል። ሃይዌይ ግን አልወጣም። ሥራዬም ያው የአረጋውያን ቤቱ ነው፤ ማንሳት፣ ማጠብ፣ ማጉረስ። ወገቤ እንደ ድሮው አይደለም። ጥቁሩንም ልብስ ገና አላወለቅሁትም። ፓስተሩ ሐዘን በልብስ አይደለም ብሎኛል፣ እውነቱን ነው። እኔ ግን ጠዋት ተነስቼ ሌላ ቀለም የምመርጥበት አቅም የለኝም።

ራሄል በየእሁዱ ትመጣለች። ሳንታ ክላራ ባለው ቢሮዋ ምን እንደምትሠራ ዛሬም አልገባኝም፤ ኮምፒውተር ነው ትለኛለች፣ እኔም እሺ እላታለሁ። ከአምልኮ በኋላ ምሳ በልተን ሶፋው ላይ እንቀመጣለን። እኔ ቴሌቪዥኑን አያለሁ፣ እሷ እኔን ታያለች። አንድ እሁድ ሪሞቱን አንስታ ቴሌቪዥኑን ድርግም አደረገችውና "ማሚ፣ ዩ ኒድ ኤ ብሬክ" አለችኝ። ምን ብሬክ፣ ቁጭ ብዬ የለ እንዴ ብላት፣ "ዲስ ኢዝ ኖት ብሬክ" አለች። ከዚያ ነው ጃማይካን ያመጣችው።

ምነው ሃዋይ አይሻልም ወይ አልኳት። ሃዋይ ሰው ሁሉ ሄዶ በደህና ይመለሳል። ከዚያ ግማሹን በአማርኛ፣ አማርኛው ሲያልቅባት በእንግሊዝኛ፣ ያልሰማነውን ነገር ነገረችኝ። ከሱዳን እንደመጣን ያስገባናት ትምህርት ቤት፣ ልጆቹ ከየት ነሽ ብለው ኢትዮጵያ ስትላቸው ይስቁባት ነበር ለካ። በቴሌቪዥን የሚያዩት ያ ረሃብ ነዋ። ምሳ ዕቃዋን ከፍተው እያዩ፣ ይኼ በናንተ አገር ለስንት ሰው ይበቃል ይሏታል። እኛ የምታስተርፈውን ምሳ እያየን ልጅቱ እህል አትወድም ስንል፣ እሷ ሰው ፊት መብላት አፍራ ኖሯል። አንድ ቀን አልነገረችንም። አሁን ቢሮዋ ያለች፣ ወላጆቿ ከጃማይካ የመጡ ልጅ፣ እዚያ አገር ኢትዮጵያዊ ነኝ ያለ ሰው እንዴት እንደሚከበር አጫውታታለች። "ማሚ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ኢትዮጵያን በክብር ሲጠሩ መስማት እፈልጋለሁ" አለችኝ። ተነስቼ ሳህን አጠብኩ።

ሳህኑን ሳጥብ አንተ ትዝ አልከኝ። ቴሜስካል ሰፈር ውስጥ ያ ፀጉሩን የገመደ ሰውዬ ከየት ነህ ብሎህ ስትነግረው፣ ጎንበስ ብሎ እጅህን ይዞ ግንባሩ ላይ ያደረገው። ደንግጠህ ነው ቤት የገባኸው። "የሆስፒታል ዕቃ ስገፋ ውዬ፣ ሰውዬው መንገድ ላይ ልዑል አድርጎ ሸኘኝ" አልክ። ያን ሳምንት ሙሉ ቀና ብለህ ስትሄድ እያየሁ ሳቄን እደብቅ ነበር። ራሄል ያን ቀን እጅህን ይዛ አብራህ ነበረች። ትንሽ ልጅ ናት ብለን ነው እንጂ፣ አልረሳችውም።

እንግዲህ ሰው መጠየቅ ጀመርኩ። ታውቀኛለህ፣ እኔ ዳቦ ለመግዛትም ሰው አማክራለሁ። ሥራ ቦታ አንዷ ነርስ፣ አገሩ ገነት ነው፣ ባሕሩ ብርጭቆ ነው፣ ሂጂ አለችኝ። ሌላዋ ደግሞ ከሆቴሉ አጥር እንዳትወጪ፣ ወርቅ እንዳታደርጊ፣ ታክሲ ዝም ብለሽ እንዳትገቢ ብላ እጄን ይዛ መከረችኝ። ሁለቱም ሄደው የተመለሱ ናቸው፤ አንድ ደሴት ላይ መሆናቸውን ግን እጠራጠራለሁ። ወጥ ቤታችን የምትሠራው ሚስ ቤቨርሊ የዚያው አገር ተወላጅ ናት። እሷን ስጠይቃት ጭልፋዋን አስቀምጣ አየችኝ። እናቴ እዚያ ናት አለች። ሌባም አለ፣ ቤተ ክርስቲያንም አለ፣ ባሕርም አለ፤ አንቺ ግን የምትኖሪው ኦክላንድ አይደለም እንዴ ብላ ወደ ድስቷ ዞረች።

ትልቁን ስህተት የሠራሁት ግን ረቡዕ ዕለት የሴቶች ጸሎት ላይ ነው። የጸሎት ርዕስ አለሽ ወይ ሲሉኝ፣ ጃማይካ ለመሄድ እያሰብኩ ነውና ጌታ ፈቃዱን እንዲያሳየኝ ጸልዩልኝ አልኩ። የኛን ቤተ ክርስቲያን አታውቀውም? ለጸሎት የተሰጠ ወሬ ከስልክ ይፈጥናል።

ቅዳሜ ጠዋት፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ በሩ ተንኳኳ። በመጋረጃው ቀዳዳ ባይ ያው የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ መኮንን ኮታቸውን ለብሰው ቆመዋል። ባለቤታቸው እትዬ አበበች ነጠላቸውን ተከናንበዋል። ከኋላቸው ሁለት የኅብረቱ ሰዎች አንገታቸውን ደፍተዋል። የኛ ሰው እንዲህ በማለዳ ተሰብስቦ በር የሚቆመው ለምን እንደሆነ አንተ ታውቃለህ። የወንድሜን መርዶ ያረዱኝ እንደዚሁ ነው፤ አንተ ሌሊቱን ደብቀኸኝ አድረህ፣ በሩን ከፈትክላቸውና ከነሱ ጋር ቆምክ። አሁን በሩን የሚከፍትልኝ የለም። ደሴ ያለችው እናቴ ናት ብዬ ደመደምኩ። እዚያው ኮሪደሩ ላይ ወድቄ "እማዬ! እማዬ!" እያልኩ ደረቴን መታሁ።

እነሱ ደግሞ ከውጭ ጩኸቴን ሲሰሙ፣ ለካ በስልክ ተረድታለች ብለው አብረው ጮኹ። እንደምንም ከፍቼላቸው ገቡ፤ እትዬ አበበች አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ፣ ጋሽ መኮንን መሀረባቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ይንሰቀሰቃሉ። ሜክሲኳዊቷ ጎረቤታችን በሌሊት ልብሷ ወጥታ ታማትባለች። ብዙ አለቀስን። በመጨረሻ ጋሽ መኮንን አፍንጫቸውን ጠራርገው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ለመሆኑ... ያረፈው ማነው?" አሉኝ። "እንዴ፣ እርስዎ ነዎት እንጂ የሚነግሩኝ!" አልኳቸው። ሰው ሁሉ ተያየ። እትዬ አበበች ነጠላቸውን እያስተካከሉ፣ "እኛማ የመጣነው ለጃማይካው ጉዳይ ነው፤ መኮንን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ሳንታ ክላራ ሥራ ይገባል፣ ለዚያ ነው በማለዳው" አሉ።

ታድዬ፣ ያን ጊዜ ብትኖር እንዴት በሳቅህ ነበር። እኔ መሳቅም አቃተኝ። ሻይ አፈላሁላቸው። ምክራቸውን ሰጡኝ፤ ዕፁን፣ ሽጉጡን፣ ንጉሡን አምላክ ነው የሚሉትን ሰዎች፣ አንድም ሳይቀር ዘረዘሩልኝ። እንዲያ ካለ ሕዝብ መሃል ገብተሽ ምን ልትይ ነው፣ ዝም ብትዪ ኃጢአት፣ ብትናገሪ ጠብ ነው አሉ ጋሽ መኮንን። እግዜር ያሳይህ፣ ይኼን ሁሉ ሲናገሩ ዓይናቸው መስኮቱ ላይ ነው፤ መኪናቸው እንዳይሰረቅ ይጠብቃሉ። ኦክላንድ ቤት ስንከራይ ከሳን ሆዜ ድረስ መጥተው ልጅ ይዞ እዚያ ይገባል ወይ ያሉን እሳቸው አይደሉም? ይኸው ስንት ዓመት ኖርን። ልጃችንን እዚህ ባንወልዳት እንኳ፣ እዚህ አሳድገናታል፣ አንተም እዚሁ አረፍክ። ሰውዬው ክፉ ሆነው አይደለም። ስለሚወዱን ነው እንቅልፋቸውን ትተው የመጡት፤ ያም ቢሆን መወደድ አንዳንዴ ያደክማል።

ጸልየውልኝ ሄዱ። እኔ ለማረጋገጥ ደሴ ደወልኩ። እናቴ ደህና ናት፣ ጉልበቷን ትራገማለች፣ ለምን በዚህ ሰዓት ደወልሽ ብላ ተቆጣችኝ። ስልኩን ዘግቼ ተቀመጥኩ።

አሁን ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርህ። ኮሪደሩ ላይ ሳለቅስ የጀመርኩት በእናቴ ነበር፤ መሃል ላይ ግን ያንተን ስም ነው የምጠራው። አንተ ስትሞት እንዲህ አላለቀስኩም። የሆስፒታሉ ወረቀት ነበር፣ እንግዳ ነበር፣ የሚበላ የሚጠጣ ማቅረብ ነበር፣ ልጅህን መያዝ ነበር። ጠንካራ ናት ተባልኩ። ከዚያ ወዲህ ጠንካራ እንደተባልኩ አለሁ። ያን ጠዋት እንባው ሲወጣ፣ አጥንቴ ድረስ እንደደከመኝ ያኔ ነው የታወቀኝ። እና በሩን ማንም የማያንኳኳበት ቦታ ሄጄ መተኛት አማረኝ። ጃማይካም ይሁን ሌላ።

እስከዚያ ድረስ የምፈራው ሌባ ይመስለኝ ነበር። ሌባ ምን ይወስድብኛል? የፈራሁት ደስ ሊለኝ ይችላል ብዬ ነው። አንድ ጠዋት እዚያ ከእንቅልፌ ነቅቼ፣ ባሕሩን አይቼ፣ ቡና አዝዤ፣ እስከ ምሳ ድረስ አንተ ትዝ ሳትለኝ ብውልስ? ሁለት ዓመት ሙሉ ሳልጠራህ የዋልኩበት ቀን የለም። ወጥ ስሠራ ይኼን አይወድም እላለሁ፣ ሂሳብ ስከፍል እሱ ቢኖር እላለሁ። ይኼን ካቆምኩ ሁለተኛ የምትሞት ይመስለኛል። ለዚህ ነው ልጅቱን እናያለን፣ እናያለን እያልኩ ያጓተትኳት። እሷም ገብቷታል መሰለኝ፤ ባለፈው እሁድ ስትወጣ "ኢትስ ኦኬ ማሚ፣ ፎርጌት ኢት" አለችኝ። ድምፅዋ ያንተ ነው፤ አንተም ነገር ስትተው እንዲህ ረጋ ብለህ ነበር። አንዴ ከተወች ሁለተኛ እንደማትጠይቀኝ አውቃለሁ። አንተን አጥቻለሁ፣ እሷን ደግሞ ሶፋዬ ላይ ተቀምጣ እያለች ላጣት ነው።

ትናንት ከሥራ ስወጣ ቢሮዋ ደወልኩላት። "ቲኬቱን ቡክ አድርጊው" አልኳት። "አር ዩ ሹር?" አለች። አይደለሁም፣ ቡክ አድርጊው አልኳት። ከዚያ ስታለቅስ ሰማሁ፤ የትልቅ ሰው ልቅሶ አልነበረም፣ የልጅነቷ ነበር። ለጋሽ መኮንንም ደውዬ በአክብሮት ነገርኳቸው። ተነፈሱና፣ "እንግዲህ እኛ እንጸልያለን፣ አንቺም ከአጥሩ አትውጪ" አሉኝ። እሺ አልኳቸው። እወጣለሁ፤ ከአጥር ውስጥ ሆና ልጅህ ምን ትሰማለች?

አሁን ልማጸንህ። ስለምወድህ ነው የምነግርህ እንጂ ደብቄህ መሄድ እችል ነበር። የምሄደው ላርፍ ነው፤ ከሥራ፣ ከሰው፣ ከጥቁር ልብስ፣ ከጠንካራነት። ካንተም ጭምር፣ የኔ ጌታ። እዚያ ሳለሁ ፎቶህን አልይዝም። ባሕሩን ሳይ ታድዬ ቢያየው አልልም። ብትመጣብኝ አላባርርህም፣ ግን አልጠራህም። ለነዚያ ጥቂት ቀናት ልጅህ በሕይወት ያለች እናት ይዛ ትሂድ። እስክመለስ ብቻ ተለመነኝ። ከተመለስኩ በኋላ ያለው ዕድሜዬ ያንተ ነው፣ ሳልጠራህ አልውልም፣ ያኔም ደክሞኝ አይደለም የምጠራህ።

ሚስትህ ዘነበች
ኦክላንድ