ከእርቁ በኋላ የተጻፈ ደንብ

ሰኞ፣ ኅዳር 3

ገና የሠራተኞች ጉዳይ ፋይሌን ሳልከፍት ጫልቱ ገባች። ከጉቴ የመጣችው፣ በመፈልፈያው ቡና የምትለቅም። ካቦው ታደሰ እምቢ ስላለችው ከጆንያው ጀርባ እጇን ጠምዝዟታል። ክንዷ በልዟል። ወደ ሁለተኛው አዳራሽ አዛውሩኝ ትላለች። ማመልከቻ ልጽፍላት ብዕር አነሳሁና ተውኩት። ወረቀት ከተጻፈ የሰውየው እንጀራ ይበላሻል። በሽማግሌ እንጨርሰዋለን አልኳት። ደብተሬ፣ ታውቂኛለሽ፤ ማስታረቅ ይሆንልኛል። በመ/ቤቱ የተጣላ ሁሉ ወደ እኔ ነው የሚመጣው። ደስም ይለኛል።

ሐሙስ፣ ኅዳር 6

ታረቁ። ግቢው ውስጥ ካለው ዋርካ ሥር፣ ሦስት ሽማግሌ ሆነን። ታደሰ የይቅርታ እርጥብ ሣር ይዞ ጎንበስ አለ። ጫልቱ እጇን ለመስጠት ቆየች። በኋላ ሰጠች። ከዛሬ ወዲያ ነገሩን ያነሳ እኛን እንደናቀ ይቆጠራል ብለን ዘጋነው።

ስንበተን ተከተለችኝ። ዝውውሩስ? አለችኝ። ከታረቁ በኋላ መሸሽ እርቁን አለማመን ነው አልኳት። ወደ ለቀማዋ ተመለሰች። እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 12፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

ጠዋት ታደሰ ጫልቱን ፊቷን በሚዛን ብረት መታት። ቡናው የሚመዘንበት ክፍል አንድ በር ብቻ ነው ያለው፤ እሱ በሩ ላይ ቆሟል። መፈልፈያው ይጮኻል፤ የሷን ጩኸት የሰማ የለም። እሱን አብዮት ጥበቃ ወሰደው። እሷን ሆስፒታል አደረስናት። ያ ሣር ከዓይኔ አልጠፋ አለ።

ዓርብ፣ ኅዳር 14

ግራ ዓይኗ ጠፍቷል። በዓይኗ ቡና ለይታ የምትበላ ሴት። ብርቱካን ይዤ ሄጄ የት እንደማስቀምጠው ጠፋኝ።

ታደሰ ማክሰኞ ዕለት እንደገና ዝቶባት ነበር አሉ። ለምን አልነገርሽኝም አልኳት። አፌን በቆረጠው።

"ኦቦ ዋቅጅራ፣ ታርቄያለሁ እኮ። ምን ብዬ ላንሳው?" አለችኝ።

ወጥቼ አጥሩ ሥር አለቀስኩ። ሰው አየኝ። ይየኝ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 15

ሥ/አስኪያጁ ጠራኝ። ለሰኞው የሠራተኞች ስብሰባ የጥበቃ ደንብ አዘጋጅ፤ ሁለተኛ በር፣ ደወል፣ ዘበኛ ይግባበት። እርቁን ግን እንዳትጠቅስ ጓድ፣ ሽማግሌዎቹ ይነካሉ፣ አንተም ከሥራህ ትወጣለህ አለኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። እሺ ማለት እንዴት ይቀለኛል።

እሑድ፣ ኅዳር 16

ጸሎት ቤት አልሄድኩም። ሦስት ጊዜ ጽፌ ቀደድኩ። በሩን ጻፍኩ፣ ደወሉን ጻፍኩ። ያስፈልጋሉ። ግን ጫልቱ በር አልጠየቀችኝም።

አሁን ተራ ቁጥር አንድ እንዲህ ይላል፦ ፈራሁ ያለ ሠራተኛ በዚያው ቀን ይዛወራል፤ ቢታረቁም። ሁለት፦ አቤቱታ በወረቀት ይያዛል፤ እርቅ አይሰርዘውም። ሦስት፦ ከእርቅ በኋላ ነገሩን ደግሞ ያነሳ አይነቀፍም።

ከሥሩ ጫልቱ ኅዳር 3 ቀን አዛውሩኝ ብላ እንደነገረችኝ ጻፍኩ። የከለከልኳት እኔ እንደሆንኩም። ፈረምኩ።

ለሥ/አስኪያጁ አስቀድሜ አላሳየውም። ነገ ቆሜ አነበዋለሁ። ለቃሚዎቹ እንዲሰሙት መጀመሪያ በኦሮምኛ።