ስለ ናጂሃ ናሙና እና ፊርማውን ስላልነካው ማህተም

ለተከበሩ የሆስፒታላችን ሥራ አስኪያጅ፤

በቅድሚያ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የእርስዎ ጤና በእርስዎ ቢሮ በኩል ስለማያልፍ ደኅና እንደሚሆን እተማመናለሁ።

እኔ በፍኖተ ሰላም ለሃያ ስድስት ዓመት ባዮሎጂ ያስተማርሁ ሰዓድ ማህዲ ነኝ። እህቴ ናጂሃ ቡሬ ገበያ ጨርቅ ትሸጣለች። አንገቷ ላይ የወጣው እጢ ሊምፎማ የተባለ የነጭ ደም ሕዋስ ካንሰር መሆኑን ሐኪምዎ ነግረውናል። ከዚያ ወዲህ የሆነውን በትሕትና አቀርባለሁ።

1. በሕዋስ ውስጥ «ተባዛ» የሚል መልእክት የሚያደርሱ ፕሮቲኖች አሉ። በጤነኛ ሰው መልእክታቸውን አድርሰው ዝም ይላሉ፤ በእህቴ ግን ዝም የሚያሰኛቸው ስለጠፋ ያለማቋረጥ ያዝዛሉ። የትኞቹ እንደሆኑ ካልታወቀ የሚያስቆማቸውን መድኃኒት መምረጥ አይቻልም። ለዚህም ከእጢዋ ናሙና ተቆርጦ ወደ ትልቁ ላብራቶሪ ተላከ።

2. የመሸኛ ደብዳቤው ማህተም ከፊርማዎ አንድ ጣት ርቆ ስላረፈ ናሙናው ተመላሽ ሆነ። ማህተም ፊርማን መንካት እንዳለበት አልከራከርም፤ እኔም የተማሪ ትራንስክሪፕት ስፈርም ኖሬያለሁ።

3. ማህተሙን የያዙት ባልደረባዎ ሥልጠና ላይ ስለነበሩ ደብዳቤው እስኪታረም ሰባት ሳምንት ፈጀ። የናሙናው ጠርሙስ ይህን ሁሉ ጊዜ ሥጋው እንዳይበሰብስ የሚጨመረውን ፎርማሊን እንደያዘ መስኮትዎ ሥር ተቀምጧል። ሥጋ በፎርማሊን ከመጠን በላይ ሲቆይ ፕሮቲኖቹን ለይቶ ማየት ያስቸግራል። ዳግም ሲላክለት ላብራቶሪው የመለሰውም አንድ መስመር ነው፤ ማንበብ አልተቻለም፣ ሌላ ናሙና ይላክ።

በእነዚያ ሰባት ሳምንታት በአንገቷ ያሉት ፕሮቲኖች አንድም ቀን ስብሰባ አልገቡም፤ ሥልጠና አልሄዱም፤ የማንንም ፊርማ አልጠበቁም። ለውዝ ያህል የነበረው እጢ አሁን እንቁላል አክሏል። ውኃ እንኳ የምትውጠው አንገቷን አዘንብላ ነው።

4. ጸሐፊዎ ወይዘሮ እንቁ፣ እህቴ በረንዳው ላይ ተቀምጣ ሳለ፣ ደብዳቤው ተስተካክሏልና አይዞሽ ስላሏት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ናጂሃም፣ ደብዳቤውንስ እንኳን ማረው፣ ብላ መልሳላቸዋለች።

አላህ ወንበርዎን እንዲያጸናልዎ፣ ማህተምዎም ከፊርማዎ እንዳይለይ እየተመኘሁ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

ሰዓድ ማህዲ
ፍኖተ ሰላም

ማስታወሻ፦ ይህን የጻፍሁት ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ናጂሃ፣ ሁለተኛውንም ናሙና የሚልኩልኝ እነሱው ናቸውና አታስቀይምብኝ ብላ ስለለመነችኝ በኪሴ አቆየሁት። ማክሰኞ ከዙህር፣ ከቀትር ሶላት፣ በኋላ ቀበርናት። ከእንግዲህ እርስዎን የሚፈራ ሕመምተኛ በቤቴ ስለሌለ፣ እነሆ በአደባባይ ልኬዋለሁ።