ጃርሶና ድምፅ አልባው ሞተር

ነገሌ፣ ኅዳር 9 ቀን 1961 ዓ.ም.

ተከራዬ ጃርሶ፣ የከብት ክትባት ሠራተኛው፣ ከሞያሌ ያመጣውን አዲስ የድምፅ ማፈኛ ማርሚታ ትናንት ግቢዬ ውስጥ ለሞተር ብስክሌቱ ገጠመለት። ጩኸቱ ሰለቸኝ ብዬ ያስገዛሁት እኔ ነኝ። ሞተሩም ጭጭ አለ።

ዛሬ አንድም ከብት ሳይከትብ ተመለሰ።

«ምነው ጃርሶ?»

«እማማ፣ ሰዉ ከብቱን ከግጦሽ የሚያስቀረው ሞተሬን ከሩቅ ሲሰማ ነበር። ዛሬ ስደርስ በረቱ ባዶ ነው። አንድ ሽማግሌማ ሰላም ስላቸው ዞር እንኳ ሳይሉ ‹አካም ነጋ? ዛሬ በእግርህ መጣህ?› አሉኝ፤ ሞተሬ ላይ ተቀምጬ!»

እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ። ወዲያው ግን ሟቹ ባለቤቴ ትዝ አለኝ። የእሱንም ሞተር ጩኸት ስለምጠላ፣ ደክሞት ሲመጣ እንኳ ከሩቅ አጥፍቶ ዳገቱን እየገፋው ይገባ ነበር። ተው፣ አትግፋው ብዬው አላውቅም።

ለጃርሶ መፍቻውን አቀበልሁት።

«የድሮውን መልስ።»

«ጩኸቱስ እማማ?»

«ይጩህ። እስከ በሩ ድረስ እየነዳህ ግባ።»