የሰጠሁት ስም

ዓርብ፣ ጥር 24 ቀን 1988

ትምህርት ቤት ሄድኩ። የጠዋት ፈረቃ። የሂሳብ ፈተና ተመለሰልን፣ ስምንት ከአሥር አገኘሁ። ሮበሌ አላመነም።

"አንተ? ስምንት? ማን ይሙት?"

አፌ ልማዱን ጀመረ... "ሚሳኤል ይ..." ዋጥኩት። ሮበሌ ጫማውን እያየ "እሺ በቃ፣ አምኛለሁ" አለ።

ወንድሜ ከሞተ ዛሬ አሥራ ሰባት ቀኑ። ስንት ጊዜ ማልኩበት? ለብይ፣ ለኳስ፣ ለማይረባ ነገር ሁሉ።

ሰኞ፣ ጥር 27

ዝማሬ በእረፍት ሰዓት ያዘችኝ። አንድ ዴስክ ላይ ነን። ጴንጤ ናት።

"ላስቀይምህ አይደለም። ግን ለሞተ ሰው ለምን ትጸልያላችሁ?"

"እንዲታሰብ።"

"እግዚአብሔር ይረሳል እንዴ?"

"በክርስትና ስሙ ነው የሚታሰበው።"

"ሚሳኤል አይበቃም?"

"አይበቃም።"

"ያንተስ ማን ነው?"

አልነገርኳትም። እውነት ግን እኔ ምን አምናለሁ? ነፍስ ከሥጋ ስትለይ መንገድ አታውቅም። አርባ ቀን ትዞራለች። በስሟ እየተጠራች ነው የምትደርሰው። እማዬ እንዲህ ነው ያስተማረችን።

በሌላ ሰው ስም ከተጠራችስ?

ረቡዕ፣ ጥር 29

ምሳ እየበላሁ ከአጥር ውጪ ተጠራሁ። "ኃይለ ገብርኤል..."

የክርስትና ስሜ ነው። ሰፈር ውስጥ ሁሉም አዶኒያስ ነው የሚለኝ። ድምፁ የሚሳኤል አይደለም። የማንም አይደለም... ከመዝገብ ላይ እንደሚያነብ ሰው። ጉርሻዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። እማዬ ባልዲውን አንስታ እጣቢ ልትደፋ ወጣች።

ስትመለስ "ማን ነው?" አልኳት።

"ማንም የለም። ብላ።"

እሑድ፣ የካቲት 3

ልጻፈው። ማንም አያነበውም።

ሚሳኤልን ጠበል ይዤው የሄድኩት እኔ ነኝ። እማዬን ወገቧን አሟት ቀረች። በር ላይ "የእሱ ወልደ ሰማዕት ነው፣ እንዳትረሳ" አለችኝ። ዓይኑ ቢጫ ሆኗል፣ እኔን ተደግፏል፣ መናገር አቅቶታል። ሰልፉ ረጅም። መምሬ ከበበው መስቀላቸውን አንስተው "ስመ ክርስትናው?" አሉኝ።

"ኃይለ ገብርኤል።"

የራሴን! ተጠይቄ የማውቀው የራሴን ብቻ ነዋ። ወዲያው ገባኝ። ግን ጸሎቱ ተጀምሯል፣ ከኋላ ይገፋሉ፣ አፈርኩ። ነገ አርማለሁ አልኩ። ሰባት ቀን ተጠመቀ። ሰባቱንም ቀን በእኔ ስም። ሚሳኤል ሰምቷል። ዞር ብሎ አየኝ... ፈገግ ያለ መሰለኝ።

ቀብሩ ላይ መምሬ ስሙን ማንንም አልጠየቁም። ያውቁታላ! "ነፍሰ ገብርከ ኃይለ ገብርኤል..." ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሜ ስሜን ሰማሁ። ዝም አልኩ።

ከዚያ ጠበል ወዲህ አስነጥሶኝ እንኳ አያውቅም። ጉልበቴ ላይ የነበረው ቁስል በሁለት ቀን ደረቀ።

አርባው የካቲት 17 ነው። እስከዚያ ካልተናገርኩ አሁንም በእኔ ስም ይጸለያል። ከተናገርኩ ደግሞ እማዬ ምን ትለኛለች? የልጄን ፈውስ ወሰድክበት... ሌላ ምን ልትል?

ማክሰኞ፣ የካቲት 5

ቲቸር ለታ ስም ሲጠሩ ዘለሉኝ።

"ቲቸር፣ እኔስ?"

ቀና ብለው አዩኝ። ያላወቁኝ መሰለኝ። "ስምህ ተሰርዟል... ማነው የሰረዘው?"

ሮበሌ ከኋላ "መንፈስ ሆኖ ነው፣ ቲቸር!" ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ቤት ስደርስ መጀመሪያ መስታወት አየሁ።

በቀትር እንደገና ተጠራሁ። ሁለቴ። ልጆች ሳለን እማዬ "በቀትር የጠራችሁን አቤት አትበሉ፤ ሦስቴ የሚጠራ ሰው ብቻ ነው" ትለን ነበር። ሦስተኛውን ጠበቅሁ። እማዬ እጣቢ ልትደፋ ወጣች።

ባልዲው ባዶ ነበር።

ዓርብ፣ የካቲት 8

ከዝማሬ ጋር እስከ መካኒሳ በእግር።

"አንድ ሰው በስህተት በሌላ ሰው ስም ቢጸለይለት?" አልኳት።

"ጌታ ልብ ነው የሚያየው። እኔ አንተን 'ያ ሰውዬ' ብልህ ሌላ ሰው ትሆናለህ?"

"አልሆንም።"

"በቃ!"

ደስ ይላል። እንደ እሷ ማመን ፈለግሁ። እግዚአብሔር አይሳሳት፣ እሺ። ሚሳኤልስ? የሆነ ቦታ ቆሞ ጥሪ እየጠበቀ... የሚጠራው ግን የእኔ ስም ብቻ ከሆነ?

ዓርብ፣ የካቲት 15

ነገርኳት።

ለተዝካሩ ምስር እየለቀመች ነበር። ሁሉንም ተናገርኩ፤ ጠበሉን፣ ሰልፉን። ቀና አላለችም።

"አውቃለሁ። መቃብሩ ላይ ሰምቻለሁ።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?"

"አንዱን እየቀበርኩ የሌላውን ስም ላንሳ? አፌ እምቢ አለኝ።"

"እማዬ፣ ፈውሱን ወሰድኩበት።"

ትከሻዬን መታችኝ። እጇን ግን እዚያው ተወችው። "ዝም በል! ፈውስ እንደ እንጀራ የሚቀማሙት ነገር ነው?"

ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "በቀትር ይጠራሃል፣ አይደል?"

"ትሰሚያለሽ?"

"በባዶ ባልዲ የምወጣው ለምን መሰለህ?"

"ወጥተሽ ምን ትይዋለሽ?"

"ልጄ ምሳ እየበላ ነው እለዋለሁ።"

ምስሯን መልቀም ቀጠለች።

እሑድ፣ የካቲት 17

አርባው። እማዬ አብራኝ ቆመች፤ "አንተው ንገራቸው" አለችኝ።

"ወልደ ሰማዕት ነው፣ አባቴ።"

መምሬ ከበበው ትክ ብለው አዩኝ። "ያኛውስ ማነው?"

"እኔ ነኝ።"

መስቀሉን ግንባሬ ላይ አሳርፈው ቆዩ። "እንግዲህ አንተም ተፈትተሃል" አሉ። ፈገግታ አላየሁባቸውም።

"ነፍሰ ገብርከ ወልደ ሰማዕት..." በጆሮዬ ሰማሁ። እማዬ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። ቀብሩ ላይ አላለቀሰችም ነበር።

ሰኞ፣ የካቲት 25

ስምንት ቀን። ማንም አልጠራኝም። ዛሬ ሮበሌ "ማን ይሙት?" ሲለኝ "ማንም አይሙት" አልኩት። ራሴንም አሞኛል፤ ጉንፋን ነው። ደስ አለኝ።

በቀትር እማዬ ባልዲውን አንስታ ወጣች። ቆየች። ተከተልኳት። በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ታያለች። ፀሐይ ብቻ። ውሻ እንኳ የለም።

"ተጠራሁ እንዴ?" አልኳት።

"አይ... ዛሬስ እኔ ልጥራ ብዬ ነው።"

ጠራችው። "ወልደ ሰማዕት!" ዝም። "ወልደ ሰማዕት!" ሦስተኛውን አብረን ጠራን። ጠበቅን። አቤት የሚል ድምፅ ቢመጣ ምን እንደማደርግ አላውቅም ነበር።

አልመጣም።

"ደርሷል ማለት ነው" አለች።

እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። ዝማሬ ብትጠይቀኝ ግን አምናለሁ እላታለሁ። ባልዲውን ተቀበልኳት። ገብተን ምሳ በላን።